በትንፋሽ የሚባል አዎ

ጄኔቭ የገባሁ ሰሞን የስፖርት አስተማሪያችን ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኩት። የሰውየው ፊት በራ። እኔን ሳይሆን አንገቴ ላይ የተንጠለጠለ ሜዳሊያ ያየ ነው የሚመስለው። ወዲያው የሩጫ ሰዓቱን ከኪሱ አወጣ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ በሕይወቴ ከምር የሮጥኩት ሊሞላ ከተቃረበ ታክሲ ኋላ ብቻ ነው። ይህን እንዳላስረዳው ፈረንሳይኛዬ ገና «ቦንዡር» እና «ሜርሲ» ላይ ነበር። ስለዚህ ሮጥኩለት።

ለካ የታክሲ ግፊያ ቀላል ልምምድ አይደለም። መነሻው ላይ ፈጣን ነበርኩ፣ በክርኔ መንገድ መክፈትንም ማንም ሊያስተምረኝ አላስፈለገም፣ ሳይሞላ እደርስ ይሆን የሚለው ጭንቀትም ከደሜ አልወጣም ነበር። ከክፍሉ ልጆች ሁለተኛ ወጣሁ። አስተማሪው ሁለተኛ መውጣቴን ከትሕትና ቆጠረው። በፀደይ ዙሪክ ላይ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች የረጅም ርቀት ዱላ ቅብብል አራተኛ ልጅ ጎድሎት ኖሮ፣ እዚያው ቡድኑ ውስጥ ከተተኝ።

የምኖረው ከጄኔቭ ጥግ ላንሲ በምትባል ሰፈር፣ ከእናቴ ታላቅ እህት ጋር ነበር። አክስቴ በደርግ ጊዜ ከአገር ወጥተው፣ እዚያው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። እኔን ያስመጡኝ እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። እናቴን የወሰዳት የደረት ሕመም ስለሆነ በዚያ ቤት ውስጥ ትንፋሽ ቀልድ አልነበረም። ሳል ካልኩ ሎሚ፣ ካስነጠስኩ ዝንጅብል፣ ምንም ካላልኩ ደግሞ «ምነው ዝም አልሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ይመጣል። ልሩጥ ስላቸው ብዙ ካሰቡ በኋላ ነው «ደረትሽን ጨምደድ ካደረገሽ ወዲያው ታቆሚያለሽ» ብለው የፈቀዱት።

እኔ ደግሞ ያን ቡድን ከልቤ ፈለግሁት። በዚያ ከተማ ሰው ሁሉ ቃላቱን እየቆራረጠ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ በአዘኔታ ነበር የሚያናግረኝ። ሦስቱ የቡድኑ ልጆች ብቻ ዱላውን ሳቀብላቸው እንደ ሰው ይጮኹብኛል። በተለይ አንዷ ፖርቱጋላዊት ስትሳደብ ከጄኔቭ ሐይቅ ማዶ ይሰማል። ሰው ሲጮህብኝ እንደዚያ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እንግዲህ ጉዳችን የመጣው በአንዲት «አዎ» ነው። መቼም እኛ «አዎ» ለማለት ሁልጊዜ አፋችንን አናደክምም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፣ «ህህ!»፣ በቃ። ተስማምቻለሁ ማለት ነው። እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል ማለትም ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ማድረጉን ራሱ አያውቀውም። እኔም አላውቀውም ነበር።

አንድ ቀን ኦ ቪቭ፣ ሐይቁ ዳር ካለው መናፈሻ ልምምድ ላይ ሳለን አስተማሪው ወደ እኔ መጣ። «ሦስተኛዋ ሯጭ አንቺ ነሽ» አለኝ በጣቱ እያሳየ።

«ህህ!» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ደህና ነሽ?»

«ህህ!»

«ትንፋሽ አጠረሽ?»

ይህኛው አልገባኝም። ግን ታላቅ ሰው ሲያናግር ዝም ብሎ ማፍጠጥ ነውር ነው። ስለዚህ ጠበቅ አድርጌ «ህህ!» አልኩት። በዚህ ጊዜ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የብሔራዊ መዝሙር ነገር መሰለኝ፤ አገርሽን ትወጃለሽ ወይ የሚለኝ። «ህህ! ህህ!» አልኩ፣ ሁለት ጊዜ፣ ለአገሬ ስል።

ሰውየው ደነገጠ። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ፣ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ፣ ውኃ እየሮጠ አመጣልኝ። ሦስቱ ልጆች በላብ ተጠምቀው ይዞራሉ፣ እኔ ተጀቡኜ ተቀምጫለሁ። ታላላቅ ሯጮችን እንዲህ ነው የሚንከባከቧቸው ብዬ ኮራሁ። በሚቀጥለውም ልምምድ ያው ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን ኩራቱ ቀዘቀዘ። ፖርቱጋላዊቷ መጥታ ጉሮሮዋን ይዛ «አስም፣ አስም» አለችኝ። ከፈረንሳይኛ ቃል ሁሉ ያቺን አንዷን ሳልማር አወቅኋት፤ በአማርኛም ያው አስም ነውና።

አስተማሪው አክስቴን አስጠራ። አክስቴ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰው መጡ። ፈረንሳይኛቸው የዕድሜ ልክ ነው፣ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ወንዱን ሁሉ «ሙሴ» ነው የሚሉት፣ «ጌታዬ» እንደማለት። እኔም አሁን ሁሉን ያስረዱልኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። የተባባሉትን ያወቅሁት በኋላ እሳቸው ሲነግሩኝ ነው።

«እመቤት፣ ልጅቷ የመተንፈስ ችግር ያለባት ይመስለኛል» አለ።

«ህህ!» አሉ አክስቴ።

አስተማሪው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። «ከቤተሰብ የመጣ ነገር ይኖር ይሆን?»

«ህህ!» አሉ አክስቴ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «እናቷ፣ ሙሴ። እህቴ። በደረት ነው ያለፈችው።»

ሰውየው ለእሳቸውም ወንበር አመጣ። አስቂኝ መሆኑን አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ያየሁት የአክስቴን እጅ ነበር። የቦርሳቸውን እጀታ እንደ ልብስ ይጨምቁታል። «ሙሴ፣ ልጅቷ በቃ አትሮጥም» አሉና ተነሱ።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ሐኪሟ ደረቴንም ጀርባዬንም አዳመጠች፣ ቱቦ ሰጥታ «ንፊ» አለችኝ፣ ነፋሁ። ውጤቱን ስታይ ፈገግ አለች። «ይህ የሰው ሳንባ አይደለም፣ የፈረስ ነው» አለች።

«ህህ!» አሉ አክስቴ።

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «እስቲ እርስዎም ይንፉ።»

አክስቴ ካፖርታቸውን አውልቀው ነፉ። የእሳቸውም ደህና ሆነ። ሐኪሟ ግራ ገብቷት፣ «ታዲያ ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የቱ ድምፅ?» አሉ አክስቴ።

ሐኪሟ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ አስመስላ አሳየችን። እኔና አክስቴ ተያየን። «እሱማ አዎ ነው!» አሉ አክስቴ፣ ሰው ይህን ያህል አለመማሩ እየገረማቸው። ሐኪሟ ደግማ ልትሞክረው ስትል ስቅታ ያዛት። ስቅታው ሲለቃት ለአስተማሪው ደውላ፣ በሽታው ሰዋስው መሆኑን ነገረችው።

እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ወደ ላንሲ ስንመለስ ትራም ውስጥ አክስቴ በመስኮቱ እያዩ፣ «እናትሽንም ደህና ናት ብለው ነው ከሆስፒታል የሸኟት» አሉ። መሮጡ እንደቀረ ገባኝና ተናደድኩ። «እትዬ፣ እኔ እሷን አይደለሁም» አልኳቸው። ትራሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ለቀናት ሎሚውም ዝንጅብሉም ቀረ። በዝምታ መቀጣት ከዚያ በላይ የለም። ሩጫው ሲቃረብ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ወተቱን እያፈሉ፣ «እኔም እመጣለሁ። እዓይኔ ሥር ነው የምትሮጪው» አሉኝ። ዘልዬ አቀፍኳቸውና ወተቱ ገነፈለ።

ዙሪክ ሩጫው ከከተማው ወጣ ያለ ጫካ ውስጥ ነበር። ተመልካቹ ገመድ ዳር ተደርድሮ «ሆፕ! ሆፕ!» ይላል። «አሁን ይሄ ቋንቋ ተብሎ ነው?» አሉ አክስቴ። ጄኔቭ ብዙ ከመቀመጣቸው የተነሳ ጀርመንኛ ተናጋሪን ሁሉ እንደ ገጠሬ ያያሉ። ያን ማለታቸው ደስ አለኝ፣ ፍርሃታቸው የለቀቃቸው መሰለኝ።

ዱላው እጄ ሲገባ እንዳልለቀቃቸው አወቅሁ። ገና የመጀመሪያውን ኩርባ ሳልዞር የአክስቴ ድምፅ ከሆፑ ሁሉ በላይ መጣ። «ቀስ! ቀስ በይ ልጄ! ቀስ!» አስተማሪው አጠገባቸው ቆሟል። ይህ የኢትዮጵያ ሯጮች ማበረታቻ መሆን አለበት ብሎ ገመተና እሱም እጁን እያራገበ «ኬስ! ኬስ!» ማለት ጀመረ። ፖርቱጋላዊቷ ጩኸቱን ተቀበለችው። ከዚያ የማያውቁን የዙሪክ ወላጆች፣ ሕፃናት፣ ውሻ የያዙ ሽማግሌ ሳይቀሩ «ኬስ! ኬስ!» ሆነ። ያን ያህል ሕዝብ አንዲትን ሯጭ ቀስ እንድትል በአንድ ድምፅ የለመነበት ሌላ ቀን ያለ አይመስለኝም። ሳቄ አመለጠኝ።

ሁለተኛውን ዙር ሳልፍ ግን የአክስቴን ፊት አየሁት። እሳቸው አልሳቁም። ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እኔን ሳይሆን ደረቴን ነበር የሚያዩት። ለአፍታ ልታዘዛቸው፣ ቀስ ልል አሰብኩ። ከዚያ ከፊቴ ያለችውን ልጅ ጀርባ አየሁና ፈጠንኩ። እሷንም አለፍኳት፣ አንድ ሌላም ጨመርኩ፣ ዱላውን ለፖርቱጋላዊቷ አቀብዬ ሣሩ ላይ በደረቴ ተደፋሁ።

ትንፋሼ እንደ ወናፍ ሆኖ ነበር። አክስቴ በገመዱ ሥር አጎንብሰው ሲመጡ አንድ የውድድሩ አስተባባሪ ሊያግዳቸው ሞከረ። «ዞር በል ወዲያ!» አሉት በአማርኛ፣ ዞር አለ። በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ጭቃው ላይ ተንበርክከው ጆሯቸውን ጀርባዬ ላይ አደረጉ።

«እትዬ፣ ደህና…»

«አትናገሪ። ተንፍሺ።»

ተነፈስኩ። ትንፋሼ እስኪረጋ ድረስ ጆሯቸውን አላነሱም። ሩጫው እንዳለቀ፣ ሰው እንደተበተነ፣ ልጆቹ ዙሪያችንን ቆመው እንደሚጠብቁ ይሰማኝ ነበር። ማልያዬ በላብ ረጥቦ ስለነበር እንባቸው መቼ እንደጀመረ አላወቅሁም።

«እናትሽ መጨረሻዋ አካባቢ መናገር አቅቷት ነበር» አሉኝ። «ስልኩን አፏ ላይ ያደርጉልኛል፣ እኔ እዚህ ሆኜ ትንፋሿን እሰማለሁ። ይኸው ነበር ወሬያችን። ልደርስላት ቲኬት ቆርጬ ሳልደርስላት ቀረሁ።»

ተገልብጬ እጃቸውን ያዝኩ። አክስቴ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፣ ከዚያም የእኔን ጠረጉልኝ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱና አስተማሪውን ጠሩት።

«ሙሴ» አሉት፣ «የሚቀጥለው ሩጫ መቼ ነው?»