በድምፅ ብቻ የምታውቃቸው ሴቶች

ሰኪና ጅዳ ከገባች ሰባት ዓመቷ ነው። ከሐርቡ የሄደች የወሎ ልጅ ናት። ሥራዋ እግራቸው አልታዘዝ ያላቸውን የማዳሟን እናት መንከባከብ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ «ሐጃ» ይላቸዋል፤ እሷም እንዲሁ።

መጠጥ የጀመረችው እናቷ የሞተች ዓመት ነው። መርዶው በስልክ መጣ፤ ፈቃድ አላገኘችምና ለቀብር አልደረሰችም። በዕረፍቷ አርብ የአገሯ ልጆች ሂንዳዊያ በሚባለው የጅዳ ሰፈር ወደተከራዩት ቤት ሄዳ ስታለቅስ ዋለች። ከመካከላቸው አንዷ፣ ክፋት አስባ አይደለም፣ በውሃ ላስቲክ የተቀዳ ዐረቂ አቀረበችላት። «ትንሽ ቅመሽ፣ እንቅልፍ ይወስድሻል» አለቻት። እውነትም ወሰዳት። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ አንድ ላስቲክ በቦርሳዋ ይዛ ትመለስና ሰገነቱ ላይ ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከሳሙናው ካርቶን ጀርባ ትደብቃለች። «አፌ እየሸተተ አላህ ፊት እንዴት እቆማለሁ» እያለች ዛሬ አንዱን ሶላት፣ ነገ ሌላውን ስትተው፣ መስገጃዋ ከታጠፈበት ሳይዘረጋ ወራት አለፉ።

አንድ ቀን ለሐጃ ሾርባ ስታጠጣቸው ማንኪያው ከእጇ አመለጠና ሾርባው ደረታቸው ላይ ተደፋ። ሊያዩአት ጠጋ ሲሉ ሽታው አፍንጫቸው ውስጥ ገባ። ሰኪና በልቧ «አለቀልኝ» አለች። ለማዳም ይነግራሉ፣ ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ ወደ አገር መጠረዝ። አሮጊቷ ግን ልብሳቸውን በመዳፋቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ «ያ ቢንቲ፣ የኔ ልጅ፣ ማዳምሽ ሳትመጣ ሂጂና አፍሽን ታጠቢ» አሏት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር፤ ኩሽና ገብታ ቧንቧውን ከፍታ አለቀሰች።

በዚያው ሳምንት ለአብሮ አደጓ ለናዲያ ደውላ ሁሉንም ዘረገፈችላት። ናዲያ «አንቺየ፣ አንቺ ብቻ መሰልሽ?» አለቻት። «የሐበሻ ሴቶች አሉ፤ መጠጥ ለመተው የሚረዳዱ። አርብ አርብ ከዐስር ሶላት በኋላ በቴሌግራም ይገናኛሉ። ምስል የለ፣ ድምፅ ብቻ። ማንም ማን ቤት እንደምትሠሪ አይጠይቅሽም። ሊንኩን ልላክልሽ?»

ሰኪና አርብን ጠብቃ ከሂንዳዊያ በጊዜ ተመለሰችና ልብስ ልተኩስ ነው ብላ ሰገነት ላይ ወጣች። ስብሰባውን የምትመራው ራሕመት የምትባል ሴት ነበረች፤ መካ ነው የምትሠራው። ድምፅዋ ወፈር፣ ረጋ ያለ ነው፤ ሁሉም «እትዬ» ይሏታል። ራሕመትን ጨምሮ ሰባት ናቸው። አንዷ ሃምሳ ቀን ሞላኝ ትላለች፣ አንዷ ያለፈው ማክሰኞ አሸነፈኝ ትላለች። ሰኪና ማይኩን ዘግታ ሁለት አርብ አዳመጠች።

በሦስተኛው ከፈተችው።

«ስሜ ሰኪና ነው። ዛሬ ጠዋት ጠጥቻለሁ። ውጪ ካላችሁኝ እወጣለሁ።»

«ለምን ትወጫለሽ?» አለች ራሕመት። «ዛሬ የጠጣች ሴት ካልመጣች እኛ ለማን ብለን ተሰበሰብን? የቀረ አለሽ?»

«ግማሽ ላስቲክ።»

«እስቲ ስትደፊው እንስማ።»

ሰኪና ስልኩን ከውሃ መውረጃው አጠገብ አስቀመጠችና ላስቲኩን ከካርቶኑ ጀርባ አውጥታ ዘቀዘቀችው። ሰባቱ ሴቶች ዐረቂው ሲንዶቀዶቅ አደመጡ። ሲያልቅ አንዷ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ሌላዋ እልል አለችና ማዳሟ እንዳትሰማት ደንግጣ አቆመች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ ማለት አይደለም። ላብ አጠመቃት፣ እንቅልፍ ራቃት። ሁለት ጊዜ ተሸነፈች፤ ሁለቱንም ጊዜ አርብ ስትደርስ ተናገረች። ቀስ በቀስ ግን ሳትጠጣ የዋለችባቸው ቀናት ተከታተሉ። መስገጃዋንም ዘረጋች።

በረጀብ ወር ቤተሰቡ ለዑምራ መካ ሲሄድ የሐጃን ተሽከርካሪ ወንበር የምትገፋው እሷ ነበረች። ዑምራው አልቆ ሐጃ ጋደም ሲሉ የአንድ ሰዓት ፈቃድ ጠየቀች። ለራሕመት ብላ፣ የእናቷን እኩያ ሴት ይመጥናል ያለችውን ሰፊ ሻርፕ ይዛ ነበር። ራሕመት በስልክ ወደጠቆመቻት፣ ወደምታጸዳበት ሆቴል የጓሮ በር ስትደርስ አንዲት ቀጭን ልጅ በሠራተኛ ልብስ ቆማለች፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው።

«እህቴ፣ እትዬ ራሕመት የሚሏቸውን ሴትዮ ታውቂያለሽ?»

«ሰኪና?» አለች ልጅቷ። ድምፁ ያው ድምፅ ነው።

«ውይ! አንቺን ነው እትዬ ስል የከረምኩት?»

አላፊ አግዳሚው ዞሮ እስኪያያቸው ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ግን ራሕመት ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ባለፈው ሳምንት ልጠጣ ሻጮቹ ደጅ ድረስ ሄጃለሁ» አለች። «ደርሼ ተመለስኩ። ለማንም አልነገርኩም። እናንተ እኔን ተማምናችሁ…»

ሰኪና ሻርፑን አውጥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችላት፤ ሰፍቶ ጉልበቷ ድረስ ወረደ።

«ስትጨነቂ ለእኔ ደውይ።»

«ማዳምሽ ብትቆጣስ?»

«ትቆጣ።»

በቀጣዩ አርብ ራሕመት ለሁሉም ተናገረች። አንዲትም ሴት ከስልኩ አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ ስብሰባውን በየተራ ይመሩታል። ሰኪና ከተወች አሥረኛ ወሯን ይዛለች። በቅርቡ ከጣኢፍ አንዲት አዲስ ሴት ገባች፤ አሠሪዎቿ ስልኳን የሚሰጧት ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። ተመካከሩና፣ ጥቂቶቹ እያጉረመረሙም ቢሆን፣ ስብሰባውን ወደ ቅዳሜ አዞሩላት።