ባዶ የወጣው መረብ፦ ከበረዶው ባሕር እስከ ፎገራ ኩሬ

ከባሕር ዳር የተነሳሁት ጥቅምት እንደ ገባ፣ ጭጋግ ሐይቁን በሸፈነበት ማለዳ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ማጉያ መነጽር፣ ጥቂት ጠርሙሶችና ከዱቄት ወንፊት የጠበበ መረብ ይዣለሁ። የሚያስኬደኝ የታላቅ ወንድሜ የመላኩ ስልክ ነው።

«በሬዬ ከኩሬው ጠጥቶ ሞተብኝ» ነበር ያለኝ። «እኛም የምንጠጣው ከኩሬው ዳር ከቆፈርነው ጉድጓድ ነው። አገርነሽ ደግሞ እርጉዝ ናት። አንቺ የውሃ ሰው ነሽ፤ ነይና ይጠጣል አይጠጣም በይን።»

የውሃ ሰው መሆኔ እውነት ነው፤ የማውቀው ውሃ ግን ሩቅ ነው። ኖርዌይ ውስጥ፣ ፀሐይ በክረምት ጨርሳ በማትወጣበት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከባሕር የተጨለፈ ውሃ በማጉያ እያየሁ ነው የምኖረው። አሁን ለእረፍት እናቴ ዘንድ መጥቻለሁ። እረፍት ካሉት።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ከልክ በላይ ሰው ጭኗል። ከጎኔ የተቀመጡት ለጉልበታቸው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ የሚሄዱ አዛውንት ቄስ ናቸው። መረቡን አይተው ምን እንደማጠምድበት ጠየቁኝ።

«ዓሣ አይደለም አባ፤ የዓሣ ምግብ ነው» አልኳቸው። ኮፒፖድ ስለምትባለው ደቃቅ የውሃ እንስሳ ነገርኳቸው። ከሸርጣን ወገን ናት፤ ረጃጅም ቀንዶች አሏት፤ በበረዶው ባሕር ትልቋ የሩዝ ፍሬ ታህላለች። ፀሐይ ስትመለስና በረዶው ሥር ደቃቅ አረንጓዴ የውሃ ተክል ሲበቅል ያንን ትግጣለች። ቅባቱን በሰውነቷ ታጠራቅምና ወደ ጥልቁ ወርዳ ክረምቱን ሳትበላ ትተኛለች። ዓሣው፣ ወፉ፣ ዓሣ ነባሪው ሳይቀር የሚኖረው በዚያ ቅባት ነው።

«ጥበቡ ብዙ ነው» አሉ አባ። «ታዲያ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ባሕሩ እየሞቀ ነው አባ። የሰባችው ወደ ሰሜን እየሸሸች፣ በቦታዋ ከደቡብ ትንሽና ከሲታ ዘመዷ እየመጣች ነው። ወፏ እንደ ድሮው ጉሮሮዋን ሞልታ ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች፤ ጫጩቷ ግን አይጠግብም።»

አባ ሐሙሲት ላይ ሲወርዱ፣ «ለወንድምሽ ደግ ነገር ይዘሽለት ግቢ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

የጉማራን ድልድይ ስናልፍ ሜዳው ተዘረጋ። ልጅ ሳለሁ በዚህ ወር ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ከብት ነበር። አሁን እስከ ዓይን ማረፊያ ድረስ ሩዝ ነው። ያማረ ነው፣ አልዋሽም። ጀርባቸው ላይ የተባይ መድኃኒት መርጫ ያዘሉ ሰዎች ግን አፍንጫቸውን እንኳ ሳይሸፍኑ በማሳው መካከል ይሄዳሉ።

ወረታ

ወረታ እንደ ወትሮዋ ናት። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚገናኙበት ላይ የጭነት መኪኖች ይንጫጫሉ፣ ከሩዝ መፈልፈያው የሚወጣው ብናኝ ዓይን ይቆጠቁጣል። የባጃጁ ሹፌር የታሪፉን እጥፍ ጠይቆኝ ተስማማሁ። ጭቃው ሲጀምር ቆመና፣ «ከዚህ በኋላ በእግር ነው እህቴ፤ ባጃጅ ታንኳ አይደለም» አለኝ።

መላኩ ጭቃው ዳር ይጠብቀኛል። ከስቷል። ስሞኝ ቦርሳዬን ተቀበለኝና ከፊት ከፊት ሄደ።

የሚስቱ የአገርነሽ ሆድ ገፍቷል። የሩዝ እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝ። ውሃ ስትቀዳልኝ ከቦርሳዬ የታሸገ ውሃ አወጣሁ። አይታ ፈገግ አለች።

«የራስሽን ይዘሽ መጣሽ» አለች። «እኛስ የማንን እንጠጣ?»

የመንደሩ የእጅ ፓምፕ ከክረምቱ ጎርፍ ወዲህ እንደተበላሸ ነው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ከታሸገው ውሃ ለእሷም ቀዳሁላት።

ሁለቱ ኩሬዎች

መጀመሪያ ሦስታችን ወደ ሐይቁ አቅጣጫ፣ የማንም ማሳ ወዳልቀረበው ኩሬ ሄድን። ጤነኛ ውሃ ምን እንደሚመስል ሳላይ የታመመውን መለየት አልችልም። መረቡን ወርውሬ ስስበው ጠርሙሱ ውስጥ ውሃው ራሱ የሚንቀሳቀስ መሰለ። የእኛዎቹ ኮፒፖዶች ከሰሜኖቹ በጣም ያንሳሉ፤ ቅባትም አያጠራቅሙም። አነሱ እንጂ ሥራቸው ያው ነው፤ ጎርፉን ተከትሎ ከሐይቁ የወጣው ዓሣ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በእነሱ ነው።

ማጉያውን ለአገርነሽ ሰጠኋት። አንዷ ኮፒፖድ የእንቁላል ከረጢቶቿን ከጅራቷ ግራና ቀኝ አንጠልጥላ ትዘላለች።

«እሷም እርጉዝ ናት?»

«አዎ።»

«አይ እቴ፣ ሁለት ጭና እንዲህ ትሮጣለች» ብላ ሳቀች። በዚያ ቀን የሰማሁት ሳቅ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ራሳቸው ኩሬ ሄድን። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፤ የሚግጠው ካለቀ አረንጓዴው ይንሰራፋል። መረቡን ሳብኩ፤ ባዶ። ወደ ጥልቁ ወረወርኩ፤ ባዶ። ዳሩን፣ የሣሩን ሥር፣ ጭቃውን ነካ አድርጌ ሳብኩ። የሞተ ቅርፊት እንጂ ሕይወት ያለው አንድም አላገኘሁም።

«ይህ ውሃ ተመርዟል» አልኩ። «ምን እንደሆነ መረቤ አይነግረኝም፤ ሰውን ምን ያህል እንደሚጎዳም አላውቅም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ከጉድጓዱ እንዳትጠጡ። ወንድሜ፣ ከማን ማሳ ነው የገባው?»

መላኩ ፊቱን ከኩሬው አዞረ።

«ከማንም አልገባ» አለ። «እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

አባታችን ብርብራ ወቅጦ ዓሣ ሲያሰክር ሁለታችንም አይተናል። የዛፉ ፍሬ ዱቄት ውሃው ላይ ሲበተን ዓሣው ይንሳፈፋል፤ ውሃው ጥቂት ቀን ያርፍና ከብቱ ይጠጣል። አገሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያጠምደው።

«ብርብራው ተቆርጦ አለቀ» አለ መላኩ። «ከሩዙ የተረፈ መድኃኒት እቤት ነበር። ውሃውን እንደ አባባ አሳረፍኩት፤ እንደ ብርብራው ኃይሉ ያልቃል ብዬ።»

የብርብራን መርዝ ፀሐይ ትጨርሰዋለች። የማሳው መድኃኒት ግን ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሊቆይ ይችላል። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት አገርነሽ ቀደመችኝ።

«ያንን ዓሣ እኔ በልቻለሁ» አለች።

አልጮኸችም። ጉድጓዱ አጠገብ የተቀመጠውን ጀሪካን አንስታ ውሃውን መሬት ላይ ደፋችው።

«እህትህን ስትጠራ ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለ። «ተምራለች፣ ሌላ ምክንያት ታገኝ ይሆናል ብዬ።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ። ተናድጄበት ነበር፤ ልሰድበው ግን አልቻልኩም። ከባሕር ዳር የጠራኝ ነጻ እንዳወጣው ኖሯል።

መመለስ

በማግስቱ አገርነሽን ይዤ ወረታ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አዋላጇ የጽንሱን የልብ ምት አዳምጣ ደህና መሆኑን ነገረችን። ስለ መርዙ ስጠይቃት ግን፣ «እሱን የሚለይ መሣሪያ የለንም፤ እስክትወልድ ክትትል አይለያት» አለች። ስለዚህ እስክትወልድ ባሕር ዳር እናቴ ቤት እንድትቆይ ተስማማን። መላኩ ቦርሳዋን ተሸክሞ እስከ ሚኒባሱ ሸኘን። ከዚያ ወደ ቀረው አንድ በሬውና ከሩቅ ወደሚቀዳው ውሃ ተመለሰ። አገርነሽ በመስኮቱ አላየችውም።

የበረዶውን ባሕር ማን እንዳሞቀው ብዙ ጊዜ ጠይቄ አውቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ ብዙ ሰው ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ ፊት የለውም፣ ስለዚህ መናደድ ይቀላል። የፎገራውን ኩሬ የገደለው ግን እኔን አዝሎ ያሳደገኝ ሰው ነው፤ ያደረገውም አባቱ እንዳሳየው ነው። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ ባልማረው እመርጥ ነበር።

ትናንት እናቴ ለአገርነሽ ከቧንቧ ውሃ ቀዳችላት። አገርነሽ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ጠጪ ልጄ» አለቻት እናቴ። «ንጹሕ ነው፤ ምንም የለበትም።»

አገርነሽ ብርጭቆውን ሳትጠጣ አስቀመጠችውና ወደ እኔ ዞረች። «በእኛም ኩሬ ምንም አልነበረም» አለች።