እናቴ የምትቆምበት ኩሬ

ሰው በግቢው ጎመን ይተክላል፤ እኔ ኩሬ ቆፈርሁ። ያውም በፎገራ! ክረምት ሙሉ ውሃ ደጃፋችን ድረስ እየመጣ በሚያስመርረን አገር "ውሃ ጠፍቶ ነው ወይ?" እያለ ያልሳቀብኝ ሰው የለም። ወንድሜ ሳይቀር "እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ፈነዳች አሉ፤ አንቺ ደግሞ ጣናን ልትሠሪ ነው" ብሎ ተሳለቀብኝ። ይሳቅ! የእናቴን እግር ቀን ከሌት የማየው እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ባሌን ፈትቼ፣ ወረታ አጠገብ ካለው ከእናቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ቁርጥማት ጉልበቷን ስለያዘው ከመደብ ወደ ደጅ የማወጣት አዝዬ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ወንድሜ በበቅሎ ጭኖ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይወስዳታል። እዚያ ውሃው ደረቷ ድረስ ሲይዛት፣ ያች ሴት ትቆማለች! ማንም ሳይደግፋት ትራመዳለች፣ እንደ ልጃገረድ ትስቃለች። ስትወጣ እንደገና ቁጭ። በኋላ በቅሎዋ ሞተችና ወንዛዬ መሄዱም ቀረ። እኔም ሳስበው፣ የሚያቆማት የውሃው ሙቀት ብቻ ሳይሆን ጥልቀቱም ነው። እንግዲህ ጥልቅ ውሃ እቤቷ ላምጣላት አልሁ።

ጥቅምት ላይ ጎርፉ ሲሸሽ፣ መሬቱ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ደረቷ ድረስ የሚይዛት ጉድጓድ ቆፈርሁ። በአንድ ወገን ዘቅዘቅ ያለ መውረጃ ተውሁለት። ውስጡን የማውቀውን አመራረግ መረግሁት፤ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቼ፣ እስኪብላላ አሳድሬ፣ ልክ እንደ ቤት ግድግዳ። ከዚያ ከጓሯችን ጅረት ቦይ ቀድጄ ሞላሁት። ወይ ጉድ! ብዙም ሳይቆይ ጭዱ በሰበሰ፣ ውሃው ከረፋ፣ ምርጉ እየተገሸለጠ ወደቀ፣ ውሃውም ወደ መሬት ሰረገ። ቤት የሚያቆም ጭድ ኩሬ ያፈርሳል ብሎ የነገረኝ ማን አለ? ወንድሜ እየሳቀ መጣ። ጭዱን አስጠረገኝና በሬዎቹን በመውረጃው አስገብቶ፣ የጤፍ ማሳ እንደሚረገጥ ጭቃውን አስረገጠው። ውሃው ያዘ።

ያዘና ተገላገልሁ? የለም! ኅዳርና ታኅሣሥ ውሃው አጥንት ይሰብራል። እናቴ ጣቷን ነከር አድርጋ "ልትገድይኝ ነው?" አለችኝ። ብርዱ ጋብ ሲል ውሃውን አረንጓዴ ሽፋን አለበሰው። በወንፊት ስገፍፍ እውላለሁ፤ በማግስቱ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይጠብቀኛል። አልቅቱን ለቅሜ አልጨርሰው። እንቁራሪቱማ ግቢውን ርስቱ አደረገው። ዋልካ አፈር ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው መሰንጠቅ ነው፤ ይህን ዳር በእርጥብ ጭቃ ስደፍን ያኛው ይሰነጠቃል። ልፋ ያለው በሕልሙ ሸክም ሲሸከም ያድራል የተባለው ለእኔ ነው።

የካቲት ሲያልቅ ፀሐይዋ ውሃውን ለብ አደረገችው። እናቴን አዝዬ በመውረጃው ገባሁና ቀስ ብዬ ለቀቅኋት። ቆመች። አንድ እግሯን አነሳች፣ ሌላውን አስከተለች፣ ማዶ ደርሳ ተመለሰች። "አሁን አንቺ ውጪልኝ፤ ብቻዬን ልሂድ" አለችኝ። ዳር ላይ ቁጭ ብዬ በደስታ አለቀስሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ፀሐይ ሞቅ ሲል ትገባለች፣ እስኪደክማት ትመላለሳለች።

መጋቢት ላይ ጅረቱ ደረቀ። ከእንግዲህ የቀረን ኩሬው ውስጥ ያለው ውሃ ብቻ ነው፤ ከቆጠብሁለት እስከ ዝናብ ድረስ ሊያቆማት ይችላል። ጉልበት ያለው ከብት ርብ ወንዝ ድረስ ወርዶ ይጠጣል፤ አራሱና የከሳው ግን መንገዱ አይሆንለትም። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ናት፤ ያላት ሀብት አንዲት ላም ስትሆን፣ ላሟም በቅርብ የወለደች፣ አጥንቷ የወጣ ነበረች።

"እባክሽ እህቴ፣ ላሜን ከኩሬሽ አጠጪልኝ" አለችኝ።

"ያንቺን ባጠጣ የማንን ልከለክል ነው? ነገ መንደሩ በሙሉ ይሰለፍብኛል" አልኋት። መውረጃውን በእሾህ ዘጋሁት። ፊቷን አዙራ ሄደች።

በማግስቱ እናቴን ደጅ ሳወጣት፣ ያች ላም ከአጥራችን ሥር ተኝታለች። ጎረቤቴ አንገቷን አቅፋ ለማስነሳት ትታገላለች። እናቴ አየቻቸው።

"እሾሁን አንሺ" አለችኝ።

ቆሽቴ አረረ። "እማዬ፣ ከብት ከገባበት ውሃው ከጉልበትሽ በታች ይወርዳል። እሱ ደግሞ አንቺን አያቆምም! ይህን ሁሉ የለፋሁት ለሰው ላም ነው?"

"እኔ ቁጭ ብዬም እኖራለሁ፣ ልጄ። ላም ቁጭ ካለች አለቀላት።"

እሾሁን በገዛ እጄ አነሳሁት፤ እየወጋኝ፣ እየተራገምሁ። ወንድሜን ጠራሁት፤ በላሟ ሆድ ሥር ገመድ አሳልፈን፣ ከጎረቤቴ ጋር ሦስታችን ደግፈን ወደ ውሃው አደረስናት። ጠጣች። እንዳልሁትም በማግስቱ የሌሎቹም ከብቶች መጡ፤ ማንን ልመልስ? ኩሬው ከፋሲካ በፊት ጭቃ ሆነ። ክረምት ላይ ጎርፉ በደለል ደፈነው፤ እንደገና ልቆፍር ብልም አቅሙም ልቡም አልነበረኝም። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ላሟ ግን ዳነች። ፋሲካ ሲሆን ጎረቤቴ ከእሷው ወተት የተናጠ ቅቤ ይዛ መጣች፤ "ለእግራቸው" ብላ። እናቴ መርቃ ተቀበለቻት። እኔም በየቀኑ ጉልበቷን በዚያ ቅቤ አሸሁት። ቆዳው ለሰለሰ፣ ወዛ፣ አማረ። እግሯ ግን አልቆመም።