ያልተሸጠችው ትንሿ ድንች

አጎቴ ሱቄ ደጃፍ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ከድንች ሌላ ያስወጡኝ ነገር የለም። ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከጆንያዬ ሦስት ድንች መርጠው ይደረድሩና የገበያተኛውን ልጅ ሁሉ «ስሞል፣ ስሞለር፣ ስሞለስት» ያስብሉት ነበር፤ ትንሽ፣ ያነሰች፣ ከሁሉ ያነሰች።

«ጋሼ፣ ገዢ እኮ ቆሟል» ስላቸው፣

«ትልልቁን ሽጥለት። ስሞለስቷን እንዳትነካ፣ ነገም ትምህርት አለ» ይሉኛል።

የታመሙ ዕለት «በረደዎት?» አልኳቸው።

«ኮልድ» አሉ።

በማግስቱ ጋቢ ደርቤላቸው ያንኑ ጠየቅኋቸው። «ኮልደር» አሉ፣ እንደ መሣቅ ብለው።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ልጠይቃቸው እጃቸውን ብይዝ በድን ሆኖ ቀዝቅዟል። የቀረችውን ቃል እኔው አልኳት።

በርጩማው ባዶውን ነው። ስሞለስቷ አልተሸጠችም።