አባቴ ዓይኑ ታስሮ የሰማው የእንግሊዞች ፍቅር

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜን ልንጠይቅ ከልጄ ከሲፈን ጋር በመኪናዋ ወደ ሱሉልታ እንሄድ ነበር። እንጦጦን ወጥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና አንዲት ሴት ጥርት ባለ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረች። የድሮ እንግሊዞች የፍቅር ታሪክ ነው፤ የገና ሰሞን፣ ትልቅ ቤት፣ ኩሩ ባላባት፣ አፏ የማያርፍ ልጃገረድ።

«ቁም ነገር አትጠብቂ እማዬ» አለችኝ። «የቆየ ታሪክ ነው፤ እንደ አዲስ ጽፈውት ነው። ዝም ብሎ መንገድ ለማሳጠር።»

ባላባቱ በረዶው ላይ ተንሸራቶ ሲወድቅ ከሷ ቀድሜ ሳቅሁ። እንዲህ ያለ ታሪክ፣ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲነበብ ከሰማሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ያኔ የሰማሁት በካሴት ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማ የነበረው ደግሞ አባቴ ነው፤ አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ሌላው በሞራ ደብዝዞ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰበታ ውስጥ ቤት ተከራይቼ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። አስራት የሚባል አናጢ ከቡራዩ የመጣው የትምህርት ቤታችንን የተሰበሩ ዴስኮች ሊጠግን ነው። የአንድ ሳምንት ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጀበት፤ ለምን እንደፈጀበት ከእኔ በቀር ያልገባው ሰው አልነበረም። እኔም እስኪገባኝ ብዙ አልቆየም፤ ኅዳር ላይ ሽማግሌ ላከ።

አባቴ ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀበለ፣ አስተናገደ፤ ከዚያ «አልሰጥም» አላቸው። አስራት ትውልዱ ወሎ ነው፣ ዘመዶቹን እዚህ የሚያውቅ የለም፤ መሬት የለውም፤ ቡራዩ ከእንጨት መሥሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው የሚኖረው።

«ለሰው ሁሉ በር ሲሠራ ይውላል» አለ አባቴ። «የራሱ በር የታለ?»

እኔም አኩርፌ ሰበታ ቀረሁ። ታኅሣሥ ሲገባ ወንድሜ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። አባቴ የዓይን ሞራ ሊገፈፍለት ነው፣ የሚያስታምመው ሰው የለም። እናታችን ካረፈች ቆይታለች፤ ወንድሜም ውቂያ ላይ ነው። ፈቃድ ጠየቅሁ።

መምህር ታደሰ የሚባሉ የሥራ ባልደረባ ነበሩኝ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ማየት የተሳናቸው ናቸው። አባቴን ላስታምም መሆኔን ሲሰሙ ቴፓቸውንና አንድ ፌስታል ካሴት አመጡልኝ። «ዓይኑ የታሰረ ሰው ቀኑ እንዴት እንደሚረዝምበት እኔን ጠይቂኝ። እየተረጎምሽ አሰሚው» አሉኝ። ከመሄዴ በፊት ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ሱሉልታ፣ አባቴ ቤት፣ ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ይነጣል። ፀሐይ ሲወጣ ውርጩ ይረግፍና የድርቆሽ ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። ሐኪሙ የአንድ ዓይኑን ሞራ ገፍፎ በፋሻ ካሰረለት በኋላ አባቴን አታጎንብስ፣ ከባድ አታንሳ፣ ደማቅ ብርሃን አትይ ብሎታል። ከበሩ ወዲያ ጥላው ላይ ይቀመጣል፣ የገብስ ቆሎ አቀርብለታለሁ፣ በምሳ ሰዓት ሽሮና ድንች። ከሰላምታ ሌላ የምንነጋገረው አልነበረንም። በሦስተኛው ቀን ዝምታው ሲከብደኝ ቴፑን ከፈትሁት።

ትንሽ ሰማና «ምን ትላለች?» አለ።

እያቆምሁ በአማርኛም በኦሮምኛም እየቀላቀልሁ ነገርሁት። በረዶ ወርዶ መንገድ ተዘጋ አልሁት።

«ውርጭ ነው?»

«ከውርጭ ይብሳል አባዬ፤ እስከ ጉልበት ይደርሳል።»

«ከብቶቹ ምን ይበላሉ?»

መጽሐፉ ስለ ከብቶቹ ምንም አይልም። ድርቆሽ አስቀምጠዋል አልሁት። «ደግ አደረጉ» አለ። ገና ሳይደርስ ሥጋ ሲጠበስ ደግሞ «አይጾሙም እንዴ እነዚህ ሰዎች?» ብሎ አዘነባቸው። ሳላስበው ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

ታሪኩ ቀላል ነው። ልጅቱ ቤት ውስጥ ሁለት እንግዶች በበረዶው ታግደዋል፤ አንዱ አባቷ የመረጠላት ባላባት፣ ሌላው የቤተሰቡን ሥዕል ሊሥል የመጣ ድሃ ወጣት። ሠዓሊው ምላሱ ቅቤ የሆነ ቀጣፊ ነው። ባላባቱ ኩራቱ ሲገፈፍ ልቡ ደግ ሆኖ ይገኛል፣ ልጅቱም እሱን ታገባለች። እኔ ግን ሦስተኛው ካሴት ላይ ስንደርስ ምላሴን መያዝ አቃተኝ። ሠዓሊውን ዝምተኛ አደረግሁት። እጁ በሥራ የሻከረ፣ እናቱን የሚጦር አደረግሁት። አራተኛው ካሴት ላይማ የዚያን ትልቅ ቤት የተሰበረ በር በነፃ ጠገነ! አባቴ ቆሎውን እየቆረጠመ ይሰማል። አንዴ «ደህና ልጅ ነው» ሲል ቆሎ ጨመርሁለት።

በማግስቱ እጁን ዘረጋና «አጥፊው» አለኝ። አጠፋሁት።

«ጫልቱ፣ እንግሊዝኛ አላውቅም። ጆሮ ግን አለኝ። ይኼ ሠዓሊ በመጣ ቁጥር የምታነበው ሴትዮ ታሾፍበታለች፣ የአንቺ ድምፅ ደግሞ ይርበተበታል። ልጁ የእንግሊዝ ሰው ነው ወይስ የቡራዩ?»

ታሞ፣ ዓይኑ ታስሮ በእኔ እጅ የወደቀውን አባቴን ነው የዋሸሁት። «የቡራዩ ነው አባዬ» አልሁት።

ተነሺ ውጪልኝ ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«ቶሌ፣ እሺ» አለ በመጨረሻ። «አሁን ከመጀመሪያው ጀምረሽ እንዳለ ንገሪኝ።»

እንዳለ ነገርሁት፤ ሁለት ቀን ፈጀብን። ሠዓሊው የባላባቱን ፈረስ ሰርቆ ሲጠፋ አባቴ ሐኪሙ የከለከለውን ረስቶ እስኪያጎነብስ ሳቀ። ካሴቱ ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረ።

«በይ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አሁን ደግሞ የራስሽን ንገሪኝ። ሳትጨምሪበት።»

ሳልጨምር ነገርሁት። መሬት እንደሌለው፣ ግትር እንደሆነ፣ በቀጠሮ ሰዓት መጥቶ እንደማያውቅ፣ እንጨት ሲለካ አጠገቡ ሰው መኖሩን እንደሚረሳ ሁሉ ነገርሁት። በመጨረሻም እሱን እንደምፈልገው ተናገርሁ። በዚያ ዘመን ይህን ለአባት በአፍ መናገር ቀላል አልነበረም፤ ዓይኑ ባይታሰር ኖሮ የምደፍረው አይመስለኝም።

«ይምጣ» አለ። «ሽማግሌ ሳይልክ ራሱ ይምጣ። ፋሻው ሳይነሳ ይምጣ። ዓይኔ ካየ ጫማውን ነው የሚያየው፤ መጀመሪያ ልስማው።»

አስራት ሦስት ታክሲ ቀያይሮ፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ይዞ መጣ። አርፍዶ ነው የመጣው። ተቀመጠና ዝም አለ፤ አባቴም ዝም አለ። እኔ ጓዳ ሆኜ ሁለቱንም ልረግማቸው ምንም አልቀረኝ። በኋላ አባቴ «እስቲ በር እንዴት እንደሚሠራ ንገረኝ» አለው።

ያን ጊዜ አፉ ተፈታ። ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራ እንደሚጣመም፣ ዋንዛ ግን እንደሚታገሥ፣ በበጋ የተቸኮለ በር ክረምት ላይ አልዘጋ እንደሚል አወራ። መጀመሪያ የሠራው በር አብጦ አልከፈት ብሎ የቤቱ እመቤት በመስኮት እንደወጡ፣ እሱም አፍሮ በዚያ ሰፈር ለወራት እንዳላለፈ ነገረው። አባቴ ጭኑን እየመታ ሳቀ።

ሸኝቼው ስመለስ አባቴ ብርቱካን እየላጠ ነበር።

«ስለ ራሱ አንድ ደህና ነገር አልተናገረም» አለኝ። «ያበላሸውን ነው የነገረኝ። ስለ እሱ የዋሸሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።» ብርቱካኑን ከፍሎ ሰጠኝና «ሽማግሌዎቹ ከጥምቀት በኋላ ይመለሱ» አለ።

ፋሻው የተነሳው ገና ሳይደርስ ነው። የገና ዕለት አስራት ሲመጣ አባቴ በአዲሱ ዓይኑ ከላይ እስከ ታች አየውና «ድምፁ ከሱ ይረዝማል» አለ። አስራት ይህን እስከ ዛሬ ያነሳል፣ በተነሳ ቁጥር ይስቃል።

አባቴ ከሠርጋችን በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ቡራዩ እየመጣ እንጨት ሲላግ ሲያይ ይውል ነበር። እኔ ዛሬ በዚያን ጊዜው ዕድሜው ላይ ደርሻለሁ። በሽማግሌ ፊት የተናገሩትን ቃል መልሶ ማንሳት ለሱሉልታ ገበሬ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የገባኝ ዘግይቼ ነው። ውሸቴን ይዞ ሊያባርረኝ ይችል ነበር፤ እሱ ግን እውነቱን ጠየቀኝ፣ ተናግሬ እስክጨርስም ጠበቀኝ። በቤታችን ምስጋና በአፍ አይነገርም ነበርና አንድም ቀን አመስግኜው አላውቅም።

ይህን ሁሉ ለሲፈን ስነግራት ሱሉልታ ደረስን። ለአጎቷ ቤት ወተት ልትገዛ ወረደች። ብቻዬን ስቀር መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ሜዳውን አየሁና፣ ጮክ ብዬ፣ በገዛ ቋንቋው፣ «ገለቶማ አባዬ» አልሁ። አመሰግናለሁ ማለት ነው።

ሲፈን ወተቱን ይዛ በሩን ስትከፍት ሰማችኝ። «ማንን ነው እማዬ?»

«አያትሽን» አልኋት።

ወተቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና መኪናውን አስነሳች።