የባለወፍጮዋ ጣትና የሞተሩ ዘይት

ያ ዓመት አዝመራው አምሮ የያዘበት ነበር። ዝናቡ በጊዜው አባርቶ፣ ነፋሱ ደርቆ፣ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን የጠራበት ወቅት። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ረፋድ ላይ ግን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጆንያውን ተደግፎ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ፀሐይ እየሞቀ ወሬ ይፈጫል። ውስጥ እህሉን የምትፈጨው ደግሞ እሷ ነበረች፣ ባለወፍጮዋ። ቅንድቧ ነጭ፣ ሽፋሽፍቷ ነጭ፣ ሻርፗም ጥቁር ሆኖ ተገዝቶ ነጭ የሆነ። ሰው "መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?" ሲላት "ኧረ ታጥቤ ስወጣ ልጅ ነኝ!" ትል ነበር። ታጥባ ስትወጣም ያው እንደነበረች የምትናገረው ራሷ ናት።

ሞተሩን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ከሞተሩ ጋር አንድ ጥበብም ወርሳለች፤ ዘይቱን በጣት መመርመር። መለኪያ ዘንጉን መዘዝ ታደርግና ጠብታዋን በሁለት ጣቶቿ መሃል አፋትጋ፣ አሽትታ፣ ዓይኗን ጨፍና ትፈርዳለች። ጠቆር ካለ በቃው፣ ይደፋል። ልማዱ እየዋለ እያደረ ከሞተሩ አልፎ ወደ ሰው ተዛመተ። ልጇ እጮኛዋን ይዛ የመጣች ዕለት እሷ ሆዬ የልጁን እጅ ጨብጣ ስታበቃ ጣቶቿን እያፋተገች ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምስኪኑ ልጅ ደንግጦ "ታጥቤ ነው እኮ የመጣሁት" አለ። "እሱስ ምንም አልጎደለው፣ እኔ ነኝ ሰውና ሞተር የተምታታብኝ" እያለች በራሷ ስትስቅ ኖረች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን ከወፍጮው ጀርባ ባለችው ክፍል አስቀምጦ፣ ጥቁር ሱሪ ታዞ ግራጫ የሚያስረክብ ሰው። ኋላ ላይ የመርፌ ቀዳዳ አልታየው ሲል ልቡ ወደ ከተማ፣ ወደ ልጃቸው ቤት ሸፈተ።

"አንቺ ሴት፣ ይህን ብረት ሸጠን የልጅ ልጆቻችንን ታቅፈን ብንቀመጥ ምን አለበት?"

"ብረት አትበለው። አንተ ሳትመጣ በፊት እዚህ ቤት የነበረ ነው።"

"አውቃለሁ። እኔንም ያገባሽኝ እሱ እምቢ ቢልሽ ነው።"

በዚያው ዓመት አንድ ቀን ዘይት ሊገዛላት ሄዶ ዘይቱንም፣ አንዲት ትንሽ ባዶ ጠርሙስም ይዞ ተመለሰ። "ሞተር የሚሸጡት ሰዎች ላቦራቶሪ ከፍተዋል" አላት። "ዘይትን እንደ ሰው ደም ይመረምራሉ። ብረቱ እየተበላ እንደሆን፣ አፈር ገብቶበት እንደሆን፣ ዘይቱ ገና ጉልበት ይኑረው አይኑረው፣ ሁሉንም ይናገራሉ።"

"እኔስ ምን ስናገር ነው የኖርኩት?"

"አንቺማ ጠቆረ ብለሽ ትደፊያለሽ። በይ እንወራረድ። ሞተሩ ታሟል ካሉ ሸጠነው እንሄዳለን። ጤነኛ ነው ካሉ ሁለተኛ የከተማን ነገር አላነሳብሽም።"

በጣቷ ተማምና እሺ አለች። ሞተሩን አስነስታ፣ ሲሞቅ አጥፍታ፣ በቀጭን ቱቦ ራሷ ቀድታ ላከች።

ውጤቱ ሲመጣ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ዘይቱ ውስጥ ባዕድ ብናኝ በብዛት ተገኝቷል፣ ሞተሩ ቆሞ ይፈተሽ ይላል። ባሏ አሸነፍኩ ብሎ አልጨፈረም፤ እሷን የባሰ ያናደዳትም ይኸው ነው። ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረ። እሷ ሞተሩ አጠገብ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና "እዚያ ሄጄስ ጠዋት ጠዋት ምን ላስነሳ ነው? አማቼን?" አለች። ልትስቅ ነበር፣ እንባ ቀደማት።

በማግስቱ ልትጣላ ወደ ላቦራቶሪው ሄደች። ባሏም "ሰው እንዳትመቺ ብዬ ነው" እያለ ተከተላት። ክፍሉ ወለሉ የሚያንሸራትት፣ ጠርሙስ በጠርሙስ የሆነ ነው። መርማሪዋ ልጅ ነጭ ጋዎን ለብሳ ብቅ ስትል ባለወፍጮዋ "ይቺም ከወፍጮ ቤት ነው እንዴ የመጣችው" ብላ ልቧ ትንሽ ረጋ።

"እማማ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል" አለች ልጅቷ። "አፈር ቢሆን ኖሮ ብረቱን ይበላው ነበር፤ ብረቱ ግን ብዙም አልተበላም። እስቲ እንዴት እንደቀዱት ያሳዩኝ።" ባዶ ጠርሙስ ሰጠቻት።

ባለወፍጮዋ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክዳኑን ከፈተች። እፍ አለችበት። ከዚያ የሻርፗን ጫፍ ውስጡ ከትታ፣ ለእንግዳ ብርጭቆ እንደሚወለወል እያሽከረከረች ወለወለችው። ከሻርፑ ነጭ ብናኝ ቦነነ።

"እማማ! ምን እያደረጉ ነው?"

"እያጸዳሁት ነዋ! በቆሻሻ ዕቃ ልቅዳልሽ?"

ባሏ ግድግዳ ተደግፎ ሳቁን ሊውጥ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ልጅቷ ከፊተኛው ዘይት ከተረፈው ጠብ አድርጋ በማይክሮስኮፕ አየችና "ዱቄት ነው!" አለች። ባለወፍጮዋም እንድታይ ቦታ ለቀቀችላት። አጎንብሳ ብዙ ከቆየች በኋላ ቀና አለች።

"ደግሞ አልላመም! ይህን ነው ለሰው ሳስረክብ የኖርኩት?"

ልጅቷ ሌላ ጠርሙስ ስትሰጣት "በሞቴ፣ እስኪቀዱ ድረስ አይክፈቱት፣ አይንፉበት፣ አይወልውሉት" ብላ ለመነቻት። ባለወፍጮዋም ቤቷ ተመልሳ እንደተባለችው ቀድታ ላከች።

ውጤቱን ልጅቷ ደውላ ነገረቻት። ሞተሩ ጤነኛ ነው። "ዘይቱም ቢሆን ገና ነው እማማ። እስካሁን የሠራውን ያህል ይሠራል። መጥቆሩ በሽታ አይደለም፤ የናፍጣውን ጥላሸት እየሰበሰበ ነው የሚጠቁረው። ብቻ አልፎ አልፎ እየቀዱ ይላኩልን፣ መቀየሪያው ሲደርስ እንነግርዎታለን።"

ስልኩን ዘጋችና ወደ ባሏ ዞረች። "ዕድሜ ልኬን፣ ሥራውን የሚሠራን ዘይት 'ለምን ጠቆርክ' ብዬ ሳባርር! እኔን ብሎ ሐኪም!"

"አሸነፍሽ እኮ፣ ምን ያነጫንጭሻል?" አለ፣ ያጣጠፈውን ልብስ መልሶ እየዘረጋ።

"ያሸነፈው ሞተሩ ነው። እኔማ በዱቄት ተረታሁ።"

ባሏ ቃሉን ጠበቀ። ከዚያ ወዲያ ከተማ የሚባል ቃል ከአፉ አልወጣም። ልጃቸው የልጆቿን ፎቶ ስትልክ እንኳ አይቶ፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ ወደ ስፌቱ ይመለሳል። እሷም አየችው፤ ብዙ ዓመት እያየች ዝም አለች። ከዘይቱ በተረፈው ገንዘብ ግን መነጽር ገዛችለት።

ኋላ ከተማን ያነሳችው ራሷ ናት። ጉልበቷ ጆንያ ማንሳት ቀርቶ ራሷን ማንሳት ሲያቅተው፣ "ሂድ ልብስህን አጣጥፍ። ሞተሩ ደህና ነው፣ ያለቀችው ባለቤቱ ናት" አለችው። ወፍጮውን ለወንድሟ ልጅ ሰጥታ ሄዱ።

እስካሁን በሚታወቀው፣ ባለወፍጮዋ ከባሏ ጋር በልጃቸው ቤት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮቷ ወደ ዋናው መንገድ በሚያሳይ ክፍል ውስጥ ትኖራለች።