ማኅተም ያተምኩበት ምስጋና

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ጾም የሻርኩበትን፣ ጎረቤት ያማሁበትን፣ ከባለቤቴ እህት ጋር የተኳረፍኩበትን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ዘልያት አልፋለሁ። «ሌላስ?» ይሉኛል፤ «ሌላ የለኝም፣ አባ» እላቸዋለሁ። እነሆ እዚያም ላይ ዋሸሁ ማለት ነው። እስቲ እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ምክር የምሰጥ ባለሙያ ነኝ። በአካባቢው ያለን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በጣት የምንቆጠር ብንሆንም ማኅበር አለን። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ ማኅተሙም የሚቀመጠው በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

አንድ ዓመት ጉባኤያችንን በአጎራባቿ ከተማ አጅባር ላይ አደረግን። ከደሴ ድረስ በዚያ መንገድ ሲንገላቱ ለመጡ እንግዶች ያቀረብኩት ቆሎና ውኃ ነበር። ሰብሳቢያችን ቀልድ ይወዳል። «ስለ ሰው አእምሮ ስንወያይ የራሳችን ሆድ ሊያብድ ነው» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አረረ። በሚቀጥለው ጉባኤ የማሳያቸው ነገር እንዳለ ለራሴ ማልኩ።

የሚቀጥለው ጉባኤ ተራ የእኛው የመካነ ሰላም ሆነ። ያኔ ነው የአንድ የግል ኮሌጅ ተወካይ ቢሮዬ የመጣው። ኮሌጁ ከተማችን ውስጥ ቅርንጫፍ ከፍቶ በምክር ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ አስተምራለሁ ይላል። አዳራሹን፣ ምሳውን፣ ቦርሳውን፣ ቲሸርቱን እኛ እንችላለን አለኝ። በምላሹ የፈለገው ስማቸው ከማኅበራችን ስም ጎን ባነር ላይ እንዲጻፍና በመጨረሻ አንድ የምስጋና ደብዳቤ እንዲሰጣቸው ብቻ ነው። በሙያችን ሰዎች ዘንድ ስለዚህ ኮሌጅ ጥሩ አይወራም ነበር። የከፈለ ሁሉ ያልፋል ይባላል። ሰብሳቢያችንም ይህን ሰምቶ ኖሮ «እስቲ አጣሪ» አለኝ።

አጣራሁ። ባላጣራ ኖሮ ዛሬ «አላወቅሁም» እል ነበር። ከእኔ ጋር የተማረች፣ የኮሌጆችን ፈቃድ በሚከታተል መሥሪያ ቤት የምትሠራ ጓደኛ አለችኝ፤ ደወልኩላት። መዝገቡን አይታ መልሳ ደወለች። ለሁለተኛ ዲግሪ ፈቃድ እንደሌላቸው፣ በዚያ ቅርንጫፍ የሚሰጡት ወረቀት የትም እንደማይታወቅ ነገረችኝ። ማኅበራችሁን ከስማቸው አርቂ ብላ መከረችኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢያችን ቢሮ ሄድኩና «አጣርቻለሁ፣ ችግር የለባቸውም» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፣ ጉቦም አልሰጠኝም። ለምሳና ለባነር ብዬ ነው። ከዚህ የረከሰ ዋጋ ይኖር ይሆን?

ጉባኤው ደመቀ። ከደሴ የመጡት አጨበጨቡልኝ። በማግስቱ የምስጋናውን ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን አተምኩበት።

በእኛ አገር ማኅተም ያለበት ወረቀት አይነበብም፤ ይታመናል። ክቡ ሰማያዊ ቀለም ከታየ መንግሥት ብሏል ማለት ነው። ይህንን የኮሌጁ ሰዎች ያውቁ ነበር። እኔም ዐውቃለሁ፤ እዚሁ ነው ያደግሁት። የደብዳቤዬን ቅጂ በኮሌጁ በር ላይ ለጠፉት። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ አንዱ ጥጉ ተልጦ ነፋስ ሲያርገበግበው አየሁ። ገንጥዬ ኪሴ መክተት እችል ነበር። እኔ ግን ፊርማዬ እንዳይቀደድ ሰግቼ በመዳፌ ተጭኜ መልሼ አጣበቅሁት።

ዘምዘም የመጣችው በዚያ ሳምንት ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ከዓረብ አገር ተመልሰው እንቅልፍ እምቢ ያላቸውን፣ ከሰው መቀላቀል የፈሩትን ልጆች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ታጫውት ነበር። ማንም አላዘዛትም። ይህን ሥራ ተምሬ ልሥራው የሚል ሐሳብ ነበራት። ታላቅ እህቷ ከድጃ ኩዌት ናት። በዚያ ዓመት ጠቅልላ ልትመጣ ተነጋግረው ሳለ፣ «አንቺ ተማሪ፣ ለክፍያው እኔ ጥቂት ልቆይ» አለቻት። ዘምዘም ይህን ሁሉ ከነገረችኝ በኋላ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት እንዳየች ነግራኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ እርስዎ ያውቋቸዋል? ልግባበት?»

«ግቢ» አልኳት። አንዲት ቃል ናት። «ቆይ፣ ልጠይቅልሽ» ማለት ምን ያቅተኝ ነበር? ግን እሷን ከመለስኩ ሰብሳቢው ይሰማል፤ ሰብሳቢው ከሰማ ውሸቴ ይወጣል። ሰውን ከጭንቀት አወጣለሁ ብዬ ደመወዝ የምበላ ሴት ለራሴ ጭንቀት ስል ልጅቱን ገደል ሰደድኳት።

ተማረች። ቅዳሜና እሑድ፣ ዝናብ ሳትል ፀሐይ ሳትል። መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር የያዘችውን መጽሐፍ እያሳየች አንዳንድ ነገር ትጠይቀኝ ነበር። እኔም አስረዳታለሁ። 

ስትጨርስ የአማካሪነት ቦታ ወጥቶ ተወዳደረች። ማስረጃሽ አይታወቅም ብለው መለሱላት። የዲግሪ ወረቀቷን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። በዚያ ቀን ያደረግሁት ከመጀመሪያው ይከፋል። ኮሌጁ ለተማሪዎቹ ያደለውን የደብዳቤዬን ቅጂ ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አደረገችው። በጣቴ እየጠቆምኩ «አንብቢው እንጂ» አልኳት፤ «ስለ ምሳው አመሰገንን ነው የሚለው። ፈቃድ አላቸው የሚል የት አለ?»

ዘምዘም አልጮኸችም። ወረቀቱን አጣጥፋ መልሳ ከተተችው።

«ወላሂ፣ እኔ ወረቀቱን አላነበብኩትም፣ እትዬ። እርስዎን አምኜ ነው» አለችኝና ወጣች።

ከድጃ አሁንም ኩዌት ናት። ኮሌጁ ቅርንጫፉን ዘግቶ ሄዷል። እነ ዘምዘም ተሰባስበው አቤት ብለዋል፤ ጉዳዩን የያዙት ሰዎች ግን መታለላችሁን በምን ታስረዳላችሁ ይሏቸዋል። ፈቃድ እንደሌለ አስቀድሞ ተጠይቆ መታወቁን፣ ታውቆም መደበቁን መናገር የምችለው ምስክር እኔ ነኝ። መጠየቄን ጓደኛዬ ብታውቅም መደበቄን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። የሚመጣው ማክሰኞ ሄጄ እናገራለሁ ብዬ ስንቱ ማክሰኞ አለፈ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጣለሁ። በር ሲንኳኳ እጄ ወደ መሳቢያው ይሄዳል፤ ማኅተሙን ልደብቅ ነው መሰለኝ። ከማኅበሩ መባረሩን ነው የምፈራው? የተማሪዎቼን ፊት? ወይስ ባለቤቴ «አንቺ ነሽ?» ሲለኝ መስማትን? ሁሉንም እፈራለሁ። በስንፍናዬ ሳመኻኝ ቆየሁ እንጂ ሌላ ስም የለውም፤ ፈሪ ነኝ።

ዘምዘም ገበያ ላይ ስታገኘኝ ዛሬም ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። ልጆቼን በስማቸው እየጠራች ትጠይቃለች። ስንት ጊዜ እጇን ይዤ «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ልላት አፌ ጫፍ ደርሶ መልሼዋለሁ። አፉ በሉኝ የተባለ ሰው በእኛ ዘንድ እምቢ አይልም፤ እምቢ ካለ በዳዩ እሱ ይሆናል። ዘምዘምም እዚያው ገበያ መሐል ቆማ፣ ቅርጫቷን ሳታስቀምጥ፣ አፉ ትለኛለች። እኔም ቀሎኝ ቤቴ እገባለሁ፤ እሷ ያንኑ የማይታወቅ ወረቀት ይዛ ትቀራለች።

ስለዚህ ሄጄ እስክመሰክር ድረስ አፉ በይኝ አልላትም። እናንተም ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ አፉ እንዳትሉኝ።